ፈረሰኛው ለማን ደረሰ?

ባለፈው እትም ስለ አጭር ልብ ወለድ ስናወራ «ምግብና ማንነት» የሚለውን ርዕስ ጠቀስ አድርጌ አልፌ ነበር። ደብዳቤው ጎረፈ። ብዙዎቻችሁ በቡድን እየጻፋችሁ፣ የጋራ መድበል ልታወጡ እየተሰናዳችሁ መሆኑን ሳነብ በጣም ደስ ብሎኛል። ለዛሬ አራት ጥያቄዎች መርጫለሁ። የመጀመሪያው ሰፊ ስለሆነ መልሱም ረዝሟል፤ ታገሱኝ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምንኖር ሰባት ጸሐፊዎች ነን። ሾፌርም፣ ነርስም፣ የሒሳብ ሠራተኛም አለን። ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት እንገናኝና የጻፍነውን እናነባለን። ሁለታችን ሙስሊም ስለሆንን ነገር እንዳይበዛ ሁሌም የጾም በያይነቱ አዝዘን አብረን እንበላለን። አሁን ስለ ምግብና ማንነት በአማርኛ የአጫጭር ልብ ወለድ መድበል ለማሳተም ተስማምተናል። ረቂቆቹ ሲሰበሰቡ ግን አምስቱ አንድ ሆኑብን፦ ስደት፣ የእናት ወይም የአያት ዶሮ ወጥ፣ የበርበሬ ሽታ፣ እንባ። ሁላችንም ከልባችን ነው የጻፍነው። ረቂቆቹን አያይዘናል። ምን ይሻለናል?
— ሰባቱ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ውድ ሰባቶች፣ ረቂቆቹን በሙሉ አንብቤያለሁ። ከልባችሁ እንደጻፋችሁ ያስታውቃል። ዶሮ ወጥ መምረጣችሁም ጥፋት የለበትም። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። በአምስቱም ረቂቅ ወጡ ይደርሳል፣ ይቀርባል፣ ይበላል፣ ሰው ያለቅሳል። በዚያ ወጥ የተነሳ ግን ማንም አይቀየምም። ማንም አይኮራም። ማንም «ለምን ለእኔ ይሄ ደረሰኝ?» ብሎ አያኮርፍም። እኔ የማውቀው ዶሮ ወጥ እንዲህ ሰላማዊ አይደለም።

ከብልቱ እንጀምር። ዶሮ በወጉ ስትገነጠል 12 ብልት ይወጣታል። ብልቱ ሁሉ ባለቤት አለው። ፈረሰኛው ለአባወራው ወይም ለክቡር እንግዳ ይወጣል። ልጅ ሆናችሁ አንገትና ክንፍ ለማን እንደሚደርስ ሳይነገራችሁ ታውቁ ነበር። አዲስ ሙሽራ የባሏን ዘመዶች ስታስተናግድ ብልት ካዛባች ስሟ በሰፈሩ ይነሳል። ድስቱ ውስጥ ያለው እንግዲህ ማን ትልቅ፣ ማን ትንሽ፣ ማን የቤት ሰው፣ ማን እንግዳ እንደሆነ የሚናገር ሥርዓት ነው።

አሁን ይህንን ሥርዓት ወደ ሜሪላንድ ውሰዱት። አባወራው ማነው? ሁለት ሥራ የምትሠራው እናት ናት? አዲስ አበባ የቀረው አባት ነው? ከእናንተ ረቂቆች በአንደኛው ውስጥ፣ በሦስተኛው ገጽ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። እናትየው ፈረሰኛውን በትንሽ ሳህን አውጥታ፣ ከድና፣ ፍሪጅ ታስገባዋለች። ለማን እንደሆነ አይነገርም። በማግስቱም ማንም አይበላውም። ጸሐፊው በአንድ መስመር አልፎት ወደ በርበሬው ሽታ ተመለሰ። ወንድሜ፣ ታሪክህ ያቺ ሳህን ናት። የቀረውን ሁሉ ሰርዘህ ከእሷ ጀምር።

በሌላው ረቂቅ ደግሞ ልጁ ከሱፐርማርኬት ገዝቶ የሚያመጣው የታሸገ የዶሮ እግር ነው። እግር ብቻ። እዚህ ላይ ብዙ ቆምኩ። በገበታው ዙሪያ ላለው ሁሉ አንድ ዓይነት ብልት ሲደርሰው አያትየዋ ምን ይሰማቸዋል? ክብራቸው በምን ይታወቃል? ልጆቹስ እኩል በመሆናቸው ደስ ይላቸዋል፣ ወይስ ለማን ቅድሚያ እንደሚሰጥ ጨርሶ አያውቁትም? ይህ ለአሥር ገጽ የሚበቃ ነገር ነው። ምንም ናፍቆት መጨመር አያስፈልገውም።

እንጀራውንም እንዲሁ ዝም ብላችሁ አትለፉት። «የእናቴ እንጀራ» ትላላችሁ። የትኛዋ እናት፣ በየትኛው ዘመን? መጀመሪያ አሜሪካ የገቡት ጤፍ አጥተው፣ የስንዴ ዱቄት እየቀላቀሉ፣ በመጥበሻ ሲጋግሩ ኖረዋል። በኋላ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ ሠርቶ የተመለሰ ዌይን ካርልሰን የሚባል አሜሪካዊ አይዳሆ ውስጥ ጤፍ ማልማት ጀመረ። ከኢትዮጵያ በኩል ደግሞ መንግሥት በ2006 እ.ኤ.አ. የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለ፤ የተጋገረ እንጀራ ግን በአውሮፕላን መውጣቱን ቀጠለ። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ ሦስት ዓይነት «እውነተኛ እንጀራ» ሊኖር ይችላል። አያት የምታውቀው የአገር ቤቱን ነው። እናት የለመደችው የአይዳሆውን ነው። እዚያው ተወልዶ የስንዴውን እየበላ ላደገ ጎልማሳ ግን የእናት እጅ ማለት ያ ነጭ፣ ለስላሳ፣ ዓይኑ የሳሳ እንጀራ ነው። እሱን «ይሄ እንጀራ አይደለም» ብላችሁ ስትነግሩት ምን እንደነጠቃችሁት አስቡ። እስቲ አንዳችሁ በእሱ ዓይን ጻፉት።

ወደ በያይነቱ ልምጣ። ደብዳቤያችሁ ውስጥ በጣም የወደድኩት እሱን ነው። ሰባት ወዳጆች በየወሩ ይገናኛሉ፤ የጾም ምግብ አዝዘው ይበላሉ፤ ምክንያቱን ሁሉም ያውቃል፣ አንድም ቀን አያነሱትም። ይህ ነገር ከሰባቱ ረቂቅ በአንዱም ውስጥ የለም! ስለ ምግብና ማንነት እየጻፋችሁ፣ በየወሩ የምትቀመጡበትን ገበታ ረሳችሁት።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። የአያቴ ወንድም ሙስሊም ነበር። በወሎ ይህ ብርቅ አይደለም። አያቴ ከበሩ ጀርባ በሚስማር የሰቀለችው አንድ ብረት ድስት ነበራት። ጆሮው ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ታስሮበታል። በዚያ ድስት የክርስቲያን ሥጋ ገብቶበት አያውቅም። ወንድሟ ሲመጣ ዶሮዋን ራሱ «ቢስሚላህ» ብሎ ያርዳታል። አያቴ ሽንኩርቱን ታቁላላለች፣ በዚያ ድስት ትሠራለታለች፣ ከወጡ ግን አትቀምስም። እሱም ለፋሲካ ሲጠራ ሥጋ አይነካም። ቡናውን አብረው እስከ በረካ ይጠጣሉ። ልጅ ሆኜ ያንን ድስት ሳየው የመለያየት ምልክት ይመስለኝ ነበር። አያቴ ግን እሱን ስታጥበው የምትጠነቀቀውን ጥንቃቄ ለራሷ ድስት አትጠነቀቅም። ወንድሟ የሞተ ዓመት እንኳ አላወረደችውም። ዛሬም በከተማው የሥጋ ቤት በር ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ እናያለን፤ በሠርግም ለብቻ ድንኳን፣ ለብቻ ድስት እናዘጋጃለን። ይህንን ሁላችንም እንኖረዋለን። በልብ ወለዶቻችን ውስጥ ግን አላየውም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሁለቱ ሙስሊም ጓደኞቻችሁም ዶሮ ወጥ ነው የጻፉት፤ ስለ እሑዱ በያይነቱ እነሱ ይጻፉት፣ ወይም ከእነሱ ጋር የሚበላው ይጻፈው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። በመድበላችሁ ውስጥ የተራበ ሰው የለም። ከአገራችን የወጣ የምግብ መጽሐፍ ያለ ረሃብ ጎደሎ ነው ብዬ አምናለሁ። በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ልጅ ነበርኩ። ከሰሜን በኩል ሰው በእግሩ እየመጣ ደሴ ይገባ ነበር። እናቴ እንጀራ ስትጋግር መስኮቱን ትዘጋ ነበር፤ ሽታው መንገድ ዳር ለተቀመጡት እንዳይደርስ። ቤቱ በጭስ ይታፈን ነበር። ጋግራ ስትጨርስ ከፊሉን በሰፌድ ሸፍና ይዛ ትወጣለች፤ ስትመለስ አታወራም። እናንተ በአምስቱም ረቂቅ «የሚያውድ» ያላችሁት የእንጀራ ሽታ ለእሷ የሚያሳፍር ነገር ነበር። ከሰባታችሁ መካከል የዚያን ዘመን ሰው ያሳደገው አለ። ሳህን ላይ ምግብ ሲተርፍ የሚቆጣ አባት ያለው አለ። እሱን ጠይቁት።

በሚቀጥለው እሑድ ስትገናኙ ታሪኮቹን አታንብቡ። የሁሉንም የመጨረሻ አንቀጽ ብቻ ቁረጡና በተራ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ሦስቱ በእንባ ካለቁ ሁለቱ ይቀየሩ። «ጣፋጭ»፣ «የሚያውድ»፣ «አፍ የሚያስመጠምጥ» የሚሉትን ስታገኙ ሰርዛችሁ፣ በቦታቸው አንድ ሰው በእጁ የሚያደርገውን ነገር አስገቡ። ደግሞ ሰባታችሁ በአንድ ድምፅ ለመጻፍ አትሞክሩ። ሾፌሩ በሾፌር አፍ፣ ነርሷ በነርስ አፍ ይናገሩ። መድበል የሚያምረው በዚህ ነው።

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበቱ። ወልቂጤ አካባቢ ያደግኩ፣ አሁን አዲስ አበባ የምማር ልጅ ነኝ። ጓደኞቼ ስለ ምግብ ለሚያዘጋጁት የታሪክ ስብስብ ስለ ቆጮ ልጻፍ ብዬ ነበር። አብዛኛው አንባቢ ግን ቆጮን የሚያውቀው ክትፎ ቤት ነው። ማብራሪያው በዛብኝና ታሪኩ ጠፋ። ሌላም አለ። ትምህርት ቤት እያለሁ በቆጮ ይሰድቡኝ ነበር። ይህንን መጻፍ ነውር ይሆን?
— ተማሪው

መልስ፦ ልጄ፣ ነውር የለበትም። ጻፈው።

የላክኸው ረቂቅ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ገጾች ትምህርት ናቸው፤ እንሰት ምን እንደሆነ፣ ቡላ ምን እንደሆነ፣ አሚቾ ምን እንደሆነ። ለእኔ እንደ አንባቢ አያትህን አሳየኝ፤ እንሰቱን በእሷ አየዋለሁ። በረቂቅህ አራተኛ ገጽ ላይ ያለው ትዕይንት እጅግ ግሩም ነው። አያትህ የእንሰቱን ግንድ ልጣጭ በዘንበል ባለው ሳንቃ ላይ ዘርግተው፣ በአንድ እግራቸው ተጭነው ይዘው፣ በቀርከሃው እየፋቁ ያወራሉ። ወሬው ስለ መሬት ክርክር ነው። እጃቸው አንዴም አይቆምም። የተፋቀው ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ይቀበርና ለወራት ይብላላል። በዚህ መካከል የመሬቱ ክርክር ምን ደረሰ? ታሪክህን በዚህ ጊዜ ልክ ስፋው። ጉድጓዱ ሲከፈት ክርክሩም አንድ ነገር ላይ ይድረስ። ይህን ካደረግህ ማንም ማብራሪያ አይጠይቅህም።

ስድቡን በተመለከተ፣ የሰደቡህ ልጆች ዛሬ አድገዋል። አርብ ማታ ክትፎ ቤት ተቀምጠው «ቆጮ ጨምርልን» ይላሉ፤ ይከፍሉበታልም። አንዱን ከአንተ ጋር በአንድ ጠረጴዛ አስቀምጠው። አታስወቅሰው፣ ይቅርታም አታስጠይቀው። እሱ ረስቶታል፣ አንተ አልረሳህም፤ ሳህኑ መሀል ላይ ነው። ምን እንደምታወሩ ጻፍ። ጊዜውንም ከመስቀል በፊት ባለው ሳምንት አድርገው፤ መርካቶ ሱቁ እየተዘጋ፣ ሰው ቅቤና ቢላዋ ይዞ ወደ አገሩ ሲጎርፍ። ያ ግርግር ራሱ ብዙ ይሠራልሃል። አንተ ትሄዳለህ፣ እሱ ይቀራል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እኔ ኩዌት ሰው ቤት ነው የምሠራው። ማታ ማታ ስልኬ ላይ እጽፋለሁ። የምጽፈው ግን ስለ ሐበሻ ምግብ አይደለም። የማበስለው መችቡስ ነው፤ ሩዝና ሥጋ። የማዳም ልጆች እኔ ካልሠራሁት አይበሉም። ለአንድ የታሪክ ስብስብ ልኬ «ባህላችንን አያሳይም» ብለው መለሱልኝ። እኔ ጾመኛ ነኝ። በዐቢይ ጾም 55ቱንም ቀን ሥጋ እየሠራሁ አልቀምስም። እውነት ይህ ስለ ማንነት አይደለም?
— እህታችሁ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የመለሱልሽ ሰዎች ተሳስተዋል። ይህን በግልጽ ልንገርሽ።

እስቲ ያልሽውን እንየው። 55 ቀን ሙሉ ሥጋ ታበስያለሽ፤ መረቁን አትቀምሺም። ጨው ልክ መሆኑን በምን ታውቂያለሽ? በመዓዛው? በቀለሙ? ትንሹን ልጅ ጠርተሽ በማንኪያ ታቀምሺዋለሽ? እሱን ካደረግሽ፣ ያ ልጅ በየቀኑ የአንቺን ጾም እየጠበቀልሽ ነው፤ እሱ አያውቀውም። ታሪክሽን ከማንኪያዋ ጀምሪ። ደግሞ ረመዳን ከዐቢይ ጾም ጋር የሚገጥምበት ዓመት አለ። ያኔ በዚያ ቤት ቀን ቀን ማንም አይቀምስም። ማዳምም ትጾማለች፣ አንቺም ትጾሚያለሽ፣ ድስቱ ይፈላል። ፀሐይ ስትገባ እነሱ ሥጋውን ይበላሉ። አንቺስ ምን ትበያለሽ? የት ተቀምጠሽ? በየትኛው ሳህን? ይህንን በረቂቅሽ አልነገርሽንም። አውቃለሁ፣ ለመጻፍ የሚከብደው እሱ ነው። ግን አንባቢ የሚፈልገው እሱን ነው።

ሌላው ልጆቹ ናቸው። አድገው የትም አገር ሲሄዱ የሚናፍቃቸው የአንቺ እጅ ነው። ያንን ጥቁር የደረቀ ሎሚ በሹካ ወጋ አድርገሽ መረቁ ውስጥ ስትጥይው ያደጉ ልጆች ናቸው። ለእነሱ የአገራቸውን ምግብ የምታስታውሳቸው የወሎ ወይም የጅማ ሴት ናት። ከአገራችን ወጥተው በየዓረብ አገሩ ቤት የሚሠሩ ሴቶች ብዙ ናቸው። በእነዚህ ሴቶች እጅ ያደገ ትውልድ አለ። ስለ ምግብና ማንነት የሚወጣ መድበል እነሱን ካላካተተ ምኑን መድበል ሆነ?

ጽሑፉ ላይ ሁለት ነገር ልበልሽ። አጫጭሮቹን ዓረፍተ ነገሮች አትንኪያቸው፤ ስልክ ላይ ስለጻፍሽው የመጣ ውበት አላቸው። «ወይ ስደት» የሚለውን ግን ሁሉንም ቦታ አውጪው። ያንን እኛ እንበለው። ሲያልቅልሽ ለዚህ ዓምድ ላኪልኝ፤ እኔው ራሴ አብሬሽ አርመዋለሁ።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ያለን ዘጠኝ ወጣቶች ስለ ምግብ የጻፍናቸውን ታሪኮች በአንድ መጽሐፍ ልናሳትም ነው። አንዷ አባላችን የእናቷን የድልህ አሠራር በታሪኳ ውስጥ አስገብታለች፤ ሌላ ሰው እንዳይወስድባት ፈርታለች። የመጽሐፉስ መብት የማን ነው?
— የዘጠኙ ጸሐፊ

መልስ፦ በአጭሩ ልመልስ። የሚመለከታችሁ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። እያንዳንዱ ታሪክ የጻፈው ሰው ነው። በአንድ መጽሐፍ መጠረዙ የዘጠኛችሁ የጋራ ንብረት አያደርገውም። ደራሲው በሕይወት ሳለና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት መብቱ ይጠበቃል።

ድልሁን በተመለከተ፣ አሠራሩ ራሱ በቅጂ መብት አይጠበቅም፤ ሕጉ የሚጠብቀው የተጻፈበትን መንገድ ነው። ማንም ሰው አንብቦ ድልህ ቢሠራ መብቱ ነው። ዓረፍተ ነገሯን ቢገለብጥ ግን ይጠየቅበታል። ለልጅቷ ንገሯት፦ እናቷ ለጎረቤት የማይነግሩት አንድ ነገር ካለ እሱን ከታሪኩ ታውጣው። እናቷ መኖሩን ይጠቁሙ፣ ምን እንደሆነ ግን አይናገሩ። ታሪኩም በዚያ ይጠነክራል።

ከማተሚያ ቤት በፊት ዘጠኛችሁም የምትፈርሙበት ውል አዘጋጁ። ገንዘቡ እንዴት እንደሚካፈል፣ ሁለተኛ እትም ማን እንደሚወስን፣ ለትርጉምና ለድምፅ መጽሐፍ ሲጠየቅ ማን እንደሚፈቅድ፣ አንዱ ታሪኩን ሌላ ቦታ ማሳተም ቢፈልግ ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሚችል ይጻፍበት። ወዳጅነት አለን ብላችሁ አትዝለሉት። የመጽሐፉን መለያ ቁጥር (ISBN) ከወመዘክር፣ ማለትም ከብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ አውጡ። የውሉን አንድ አንድ ቅጂ ዘጠኛችሁም ያዙ።